ስፒከር ቅምሻ

ይርጋጨፌ ውስጥ ስለ ቡና አጉል ነገር ተናግሮ ሳይታረም ቤቱ የገባ ሰው አላውቅም። የአሪቻውን ቡና የኮንጋ ነው ብትል ስኒ የምታቀርበው ልጅ ራሷ ቀና ብላ ታይሃለች። ስለ ስፒከር ግን እንደ ልብህ ማውራት ትችላለህ፤ ከልካይ የለም። እንዲያውም ጮክ ብለህ፣ ጣትህን ቀስረህ ካወራህ አዋቂ ትባላለህ። እኔ ደግሞ፣ ወዳጄ፣ ጣቱን ቀስሮ ለሚያወራ ሰው አቅም የለኝም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል አይደል? ዶሮዋ የእኛ ሰፈር ልጅ ሳትሆን አትቀርም።

ቴፓችን የሞተው ድንገት አይደለም። መጀመሪያ የግራ አፉ ተዘጋ፤ ከዚያ ካሴት መብላት ጀመረ፤ በመጨረሻም የማህሙድ አህመድን ዘፈን እየጎተተ እንጉርጉሮ አደረገው። በልጅነቴ እኛ ሰፈር የእሸት ቡና ብር እጅ ሲገባ ከጣሪያ ቆርቆሮ ቀጥሎ የሚታሰበው ቴፕ ነበር። እናም ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ለቀማው እንደተጀመረ ባለቤቴ፣ «ብሩ ሳይበተን የሚሰማ ነገር ግዛ» አለችኝ። ግዛ ነው ያለችው፤ ጠይቅ አላለችም። እኔ መጠየቅ ጀመርኩ።

መጀመሪያ አምና ስፒከር የገዛውን ጎረቤቴን ጠየቅኩት። «ሌላ እንዳታይ!» አለኝ። ቤቱ ወስዶ ሲያሰማኝ ወፍራሙ ድምፅ በመጣ ቁጥር ቁም ሳጥኑ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች አብረው ይዘፍናሉ። «ይሄ የሚንጫጫው ምንድን ነው?» ብለው፣ ፊቱ ሳይለወጥ «ቤዝ ነው» አለኝ። ሰውዬው ዋሾ ሆኖ አይደለም፤ ገንዘቡን ያወጣበትን ዕቃ የሚያማ ሰው ከየት ይመጣል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ደረሰኝም ወረቀት ነው።

ቀጥሎ ለሰርግ ሞንታርቦ የሚያከራየው ልጅ ጋ ሄድኩ። ለእሱ ድንኳን የማያንቀጠቅጥ ድምፅ ድምፅ አይደለም። «የእኔ ሳሎን እኮ ጠባብ ናት» ብለው፣ «ታዲያ መስኮቱን ይከፍቱታላ፣ ጋሼ!» ብሎ መለሰልኝ። የእህቴ ልጅ በበኩሉ ስልኩን አውጥቶ ቲክቶክ ከፈተልኝ። አንድ ጎረምሳ ስፒከር አቅፎ «ድምፁን ስሙትማ» ይላል። ሰማሁት፤ ራሴንም ነቀነቅኩ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ለካ የሰማሁት የእህቴን ልጅ ስልክ ነው። የጎረምሳው ማይክ የቀዳውን፣ በስልኩ ግርጌ ያለች ቀዳዳ መልሳ ስታወጣው ከዋናው ስፒከር ምን ሊቀር? ዕቃውን በገንዘቡ ይግዛው በነፃ ይስጡት፣ እሱንም አልነገረንም።

ነጋዴው ከሁሉም ይልቅ የተማረ መሰለኝ፤ ቁጥር አለው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «3000 ዋት ፒኤምፒኦ» ይላል። 3000 ዋት እኮ ወደ እንጀራ ምጣድ መጠጋቱ ነው! ደንግጬ የቆጣሪያችንን አቅም ስጠይቀው እሱ ደግሞ በእኔ ደነገጠ። ከካርቶኑ ውስጥ የወጣችው አዳፕተር ላይ 12 ቮልት፣ 2 አምፒር ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱን ብታባዛቸው 24 ዋት። ቀሪው ከየት እንደሚመጣ ብጠይቀው፣ «እሱ ሲዘፍን ነው» አለኝ። ፒኤምፒኦ የሚሉት ቁጥር ስፒከሩ ለቅጽበት ቢነዘር ይደርስበታል ተብሎ የሚጻፍ የምኞት ቁጥር ነው፤ ሲዘፍን የሚውልበት ኃይል አርኤምኤስ ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ እሱንም የሚጽፈው ከጻፈው ነው። ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው። ያኔ ግን «ሲዘፍን ነው» የሚለው መልስ አጥግቦኝ ወጣሁ።

ዲላ አንድ ቡና ቀማሽ ወዳጅ አለኝ። ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ሳቀብኝ። «እኛ ጋ ናሙናው የሚመጣው ቁጥር ይዞ ነው፤ የባለቤቱ ስም የለበትም» አለኝ። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዲላ ባለው ላቦራቶሪ ሲሠራበት የቆየው መንገድ ይኸው ነው፤ ቀማሹ የማንን ቡና እንደሚቀምስ አያውቅም። ከ100ው ነጥብ 40ው ለጥሬው ፍሬ ነው፣ መጠኑና ቀለሙ ጉድለቱም ታይቶ የሚሰጥ። 60ው የስኒው ነው። «የአጎቴን ቡና ጥዬ አውቃለሁ። የእሱ እንደነበር የሰማሁት ለመስቀል ስንገናኝ ነው፤ ክትፎው ራሱ አልወረደልኝም። አንተ ግን 100ውንም ለዓይን ሰጥተህ ነው ጆሮ አማርጣለሁ የምትለው። ዓይንህን ሸፍነህ ስማ።»

ደግሞ እውነቱን ነው። ፍሎይድ ቱል እና ሾን ኦሊቭ የተባሉ የድምፅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ይህንኑ ሠርተውታል። ሐርማን የተባለው ስፒከር አምራች 40 ሠራተኞች አራት ስፒከሮችን አንዴ እያዩ፣ አንዴ በመጋረጃ ተከልለውባቸው ሰምተው ነጥብ ሰጡ። እያዩ ሲሰሙ ትልልቆቹና ውዶቹ ከፍ አሉ፣ ትንሿና ርካሿ ወረደች። መጋረጃው ሲጋረድ ያ ልዩነት በብዙ ሟሸሸ። እንግዲህ ስፒከር የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ሰው በዓይኑ ከሰማ፣ ቆጮ በጎመን በልቶ ከይርጋጨፌ የመጣ ሰው ምን ይፈረድበታል?

ስለዚህ የባለቤቴን ነጠላ በፌስታል ይዤ በሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ወናጎን አልፈን ዲላ ገባን። ወዳጄ እስክሪብቶና ሰንጠረዥ የተሰመረበት ወረቀት ይዞ ጠበቀኝ። የሱቁ ልጅ የምንፈልገውን ስንነግረው መጀመሪያ ለቪዲዮ መስሎት ፀጉሩን አስተካከለ። ከዚያ ገባውና በርጩማ አቀረበልኝ። በነጠላው ዓይኔን አሥሬ ተቀመጥኩ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በገበያ ቀን፣ በዋናው መንገድ ዳር፣ በሩ ወለል ብሎ በተከፈተ ሱቅ ውስጥ መሆኑን አስተውልልኝ። አንዲት እናት ከበር ላይ «ምን ሆኖ ነው?» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ «ዓይኑን አሟት ይሆናል፣ ምስኪን» አለች።

«ናሙና ሀ» አለ ወዳጄ። ከእኔ ፍላሽ የተመረጠ ዘፈን ተከፈተ። ጎላ ይላል ግን ከላይ ይቆረፍዳል። «ናሙና ለ» ለስለስ ያለች ናት፤ «አበባ አበባ ትላለች፣ ሎሚም አላት፣ መጨረሻዋ ግን አጭር ነው» ብዬ አስጻፍኩ። ከበር ላይ ሳቅ ሰማሁ፤ የሱቁ ልጅ ቀልዶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። «ሐ»ን ገና መስማት እንደጀመርኩ ድምፁ ቀጥ አለ። ትንሽ ፀጥታ ሆነ። ከዚያ ሌላ ዘፈን መጣ። በልቤ፣ ይሄ ልጅ ብልህ ነው፣ ዘፈን ለውጦ ሊፈትነኝ ነው አልኩ።

እንዴት ብዬ ልንገርህ! ቤዙ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። የዘፋኙ ድምፅ ከመሣሪያው ተለይቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። ማሲንቆው በስተቀኝ መጣ። ከበርጩማው ተነሥቼ እጄን ዘረጋሁ፤ «በቃ! ጻፍ፣ 95! ዋጋ እንዳትጠሩብኝ፣ ይሄን ጠቅልሉልኝ!»

የመለሰልኝ የለም። ኋላ ሳቁ መጣ፤ ያውም የሱቅ ሙሉ ሳይሆን የመንገድ ሙሉ ሳቅ። ነጠላውን ሳወርድ ሱቁ ጨለማ ነው። መብራት ጠፍቷል። ስፒከሮቹ በሙሉ ድርግም ብለዋል። እጄን የዘረጋሁት በሩ ላይ ወደቆመች ባጃጅ ነበር። ሾፌሩ ክንዱን መሪው ላይ አስደግፎ ያየኛል። «ጋሼ፣ የሚሸጠው ከነጎማው ነው» አለኝ።

ወዳጄ እንደ ሌላው አልሳቀም፤ የእሱ ዝምታ ባሰብኝ። በዚያው ፊቱ ባጃጇን ከኋላ ሊያይ ሄደ። ሾፌሩ ከመቀመጫው ኋላ በኮምፔንሳቶ ጠበቅ ያለ ሣጥን አሠርቶ፣ ጥቁር የወረቀት አፍ ያለው አሮጌ የመኪና ስፒከር ገጥሞበታል። የስፒከር ፊቱ ሲገፋ ጀርባው ይስባል፤ ሣጥን ከሌለው የኋላው ድምፅ ዞሮ የፊቱን ቤዝ ያጠፋዋል። ልጁ ይህን ከማን እንደተማረ ስንጠይቀው፣ «ከመሬት ላይ አልጮህ ሲለኝ ነው» አለን። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነበር፤ ባጃጇ ከሁሉም በላይ ጮኻ ተከፍታለች። ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን «ጮኸ» አይልም፣ «ጠራ» ነው የሚለው። «ቅምሻ ላይ ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ቡና ነው፤ ለሁሉም ስኒ እኩል» አለኝ ወዳጄ። «አንተ አንዱን በማንኪያ፣ ሌላውን በጭልፋ ጨምረህ ነው የቀመስከው።» የሱቅ ልጆች ይህን ያውቁታል፤ ሊሸጡት የፈለጉትን ሲያሰሙህ ጣታቸው ድምፅ መጨመሪያው ላይ ነው።

ያን ሁሉ ሕዝብ አስቆ ባዶ እጅን መውጣት ደግሞ አይቻልም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም የሱቁ ልጅ «ይሄ ይሻልዎታል» ያለኝን፣ ሦስት አፍ ያለውንና ሲዘፍን ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራውን ገዛሁ። ሳይሰማ የተገዛ ነው፤ መብራት አልመጣማ። ወዳጄ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ቤት ደርሼ ከፈትኩት። ባለቤቴ ጓዳ ሆና ቡና ትቆላለች። ጥቂት ሰምታ፣ «ያን ስልክ ዝጋና ስፒከሩን ክፈተው እንጂ!» ብላ ተጣራች። በማግስቱ ሬዲዮ ጠጋኙን ጠራሁት። ከጀርባው ፈታውና ከኪሱ አንዲት 1.5 ቮልት ድንጋይ አወጣ። ሁለት ሽቦ ከትልቁ አፍ ጋር ቢያነካካ፣ የወረቀቱ አፍ «ጧ» ብሎ ወደ ውጭ ዘለለ። «ይሄ ይኖራል» አለ። ወደ ሁለቱ ትናንሽ አፎች ሄደ፤ ሽቦ የሚባል አልደረሰባቸውም። አንደኛውን በጥፍሩ ቀስ አድርጎ አንኳኳው፤ ድፍን ፕላስቲክ ነው። «እነዚህ ለመልክ ናቸው፣ ጋሼ» ብሎ እንደ ነበሩ ገጠማቸው። ከዚያ ማንንም ሳያማክር ስፒከሩን አንሥቶ ከሳሎኑ መሃል ወደ ጥግ ወሰደው። ወፍራም ድምፅ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነው የሚሄደው፤ ጥግ ሲሆን ግድግዳዎቹና ወለሉ ወደ ሰው ይመልሱታል። ከፈተው። እውነትም ቤዝ መጣ። ለፈታበት ከፈልኩት፤ ጥግ ላስያዘበት ግን አልቀበልም አለ።

ችግሩ ያ ጥግ የባለቤቴ የጀንፈል ጆንያ ቦታ ነው። ጆንያው ለጊዜው አልጋችን ሥር ገብቷል፤ እሷ ጆንያዬ ይመለስ ትላለች፣ እኔ ቤዙስ እላለሁ። ጉዳያችንን የያዘው ያ አምና የገዛው ጎረቤቴ ነው፤ ለሽምግልና በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ዘፈን ክፈትልኝ ይለኛል።