በኢሞ የተሠራ ቤት

ከሀብሩ ተነሥቶ ሳውዲ የገባ ሰው ሁለት ቤት አለው፤ አንዱ ጋ ይሠራል፣ ሌላውን ያሠራል። እኔም ጅዳ የሰው ቤት እየወለወልኩ መርሳ ላይ ቤት አሠራ ነበር። የጅዳው ቤት መዳም ነበረችው፤ የመርሳው ደግሞ እናቴ።

ለመዳሟ እንኳ ተዘጋጅቻለሁ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ የሙያ ምስክር ወረቀት ስለሚጠይቅ ወልድያ ገብቼ ሠልጥኛለሁ። የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን የምንማር ዕለት መብራት ጠፋና አሠልጣኛችን ድምፁን በአፏ አሰማችን። ጅዳ ደርሼ እውነተኛው ማሽን ሲጮህ ብሰማው የአሠልጣኛችን ይሻል ነበር።

ለእናቴ ግን የሚሰጥ ሥልጠና የለም። ማታ ዕቃውን አጥቤ፣ ልጆቹን አስተኝቼ ኢሞ ስከፍት ስልኩ ላይ ብቅ የሚለው ፊቷ ሳይሆን ጣሪያው ነው። «አየሽልኝ የኔ ዓለም? በዚህ በኩል ሰማይ ይታያል» ትለኛለች። አጎቴ ከጎኗ ሆኖ «በሩንም አሳዪያት እንጂ!» ይላል። ደኅንነቴ የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ኔትወርኩ ይቆረጣል። አንዳንድ ቀን ዱዓ ተይዞ፣ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ትደውልና ሽማግሌዎቹን በተራ ታስመርቀኛለች። ምርቃቱ «አላህ ያግዝሽ» ብሎ ይጀምርና «ሚስማሩንም አያስረሳሽ» ብሎ ያርፋል። እኔም ለሁሉም አሚን እላለሁ።

እናቴ ምሳሌ አላት። ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ወልድያ አድገው እ.ኤ.አ. በ1965 ሳውዲ ገቡ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ባሠሩት ስታዲየም ወልድያ 25 ሺህ ያህል ሰው የምታስቀምጥ ከተማ ሆነች። «እኔ ስታዲየም ጠየቅሁሽ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ የጠየቀችኝ ቆርቆሮ ነው። የሼሁ አባት ከየመን ሐድራሞት ወደኛ የመጡ ሰው መሆናቸውን ግን አታነሣም። ዛሬ የሀብሩ ጎረምሳ በሚሌ ወርዶ፣ ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ ተሳፍሮ ወደ የመን ይሻገራል። ባሕሩ ያው ነው፤ ተሳፋሪው ነው ፊቱን ያዞረው።

ጥድፊያዋም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ያልነበረው የጎረቤታችን ልጅ ቤቱ ጣሪያ ሳይመታ በአንድ ብርድ ልብስ ተመለሰ። ግድግዳው ቆሞ ቀረ፤ የመንደሩ ፍየል ሁሉ አደረበት። እናቴ ያንን ግድግዳ በየቀኑ እያየች ነው የምትደውልልኝ።

የኛ ቤት አልቋል። ሳሎኑን የዐረብ መጅሊስ ዞሮታል፤ ትራሱ ወርቃማ ነው፣ ላስቲኩ አልተነሣለትም። ተመልሼ በመጣሁ ማግስት ጋደም ብልበት እናቴ «ተነሺ፣ ለእንግዳ ነው!» አለችኝ። ያን ጊዜ መዳም መቀየሬ ገባኝ።

እንግዲህ ልጃችሁን ዐረብ አገር የላካችሁ ወላጆች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ማታ ስትደውል በመጀመሪያ ፊታችሁን አሳዩአት፤ በልታ እንደሆነም ጠይቋት። ጣሪያው እንደሆነ ነገም ያፈሳል።