ካርድ ይውጣ ከተባለ

እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ከካርድ የሚያመልጥ የለም። የታመመ ሐኪም ቤት ካርድ ያወጣል፤ ተማሪ ዓመቱ ሲያልቅ ካርድ ይቀበላል፤ ስልኩ ሒሳብ የጨረሰ ካርድ ይሞላል፤ ተጫዋች በካርድ ይባረራል። ቃሉን ከእንግሊዝኛ ወሰድነው፤ እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛ ከላቲን፣ ላቲንም ከግሪክ። ለግሪኮቹ የፓፒረስ ወረቀት ነበር። (ተበዳሪው ሁሉ መመለሱን ረስቷል።) «ባዕድ ነውና ይውጣ» የሚል ተቆርቋሪ አይጠፋም። መልካም፤ ግን ከጣሊያን የመጡት ካርታና ካርቶን፣ የራሳችን የሚመስለን ክርታስም ሳይቀር የዚያው ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ማባረሩ ከተጀመረ የይዞታ ካርታውም አብሮ ይሄዳል፤ ያኔ ተቆርቋሪያችን ማዘጋጃ ቤት ተሰልፎ «የቦታዬን ሥዕል ስጡኝ» ይበል።