በኖቹ ጀርባ ስለሚሰወሩ አይከኖች

ሜኑ ባር ማለት በአፕል ኮምፒውተሮች ስክሪን ላይኛ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ቀጭን መስመር ሲሆን፣ በግራው በሥራ ላይ ያለው ፕሮግራም ሜኑዎች፣ በቀኙ ደግሞ ዋይፋይን፣ ባትሪን፣ ድምፅንና ሰዓትን የመሳሰሉትን የሚያሳዩ ትንንሽ አይከኖች የሚሰለፉበት ስፍራ ነው። ኖች የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2021 በወጡት የ14 እና የ16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ላፕቶፖች ላይ ከዚሁ መስመር መካከል ወደ ታች ወርዶ የታየው፣ በዓመቱም ወደ ማክቡክ ኤር የተዛመተው፣ ካሜራውን የያዘው ጥቁር ቁራጭ ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱ ነገሮች ለየብቻቸው ማንንም አያስቀይሙም፤ በአንድ ስክሪን ላይ ሲገናኙ ግን ትናንት በቦታው የነበረ አይከን ዛሬ ደብዛው ይጠፋል፣ በኮምፒውተር አዋቂነቱ የሚታማ ሰው ሳይቀር ላፕቶፑን እያጠፋ ሲያበራ ይገኛል።

ከወቀሳው በፊት ለኖቹ የሚገባውን መስጠት ያስፈልጋል። ኖቹ ከተጠቃሚው ስክሪን የቆረሰው ነገር የለም የሚል ሙግት አለ፤ ሙግቱም ውኃ የሚቋጥር ነው። የ14 ኢንቹ ስክሪን 3024 በ1964 ፒክስል ሲሆን፣ ፒክስል ምስል የሚሠራባት የመጨረሻዋ ትንሽ ነጥብ ናት። ከላይ 74 ረድፍ ፒክስል ቢቀነስ የሚቀረው 3024 በ1890 ነው፤ ይህም ማክቡክ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀምበት የኖረው የ16 ለ10 ምጥጥን መሆኑ ነው። እንግዲህ 74ቱ ረድፎች የስክሪኑ ክፈፍ ሲሳሳ የተገኙ ምርቃት ናቸው፤ ሜኑ ባሩ ወደ ምርቃቱ ወጣ፣ ካሜራው ግን መሄጃ ስላልነበረው ከመካከሉ ተቀመጠ። እርግጥ በ2017 የወጣው አይፎን ኤክስ ኖቹን ያገኘው ፊት የሚለይ መሣሪያ ለመሸከም ነበር፤ የላፕቶፑ ኖች ግን ይህን ሁሉ ስፍራ ይዞ የባለቤቱን ፊት አይለይም፣ ባለቤቱም ማንነቱን ለማስመስከር ዛሬም ጣቱን ኪቦርዱ ላይ ያሳርፋል።

የአይከኖቹ መብዛት የማን ጥፋት እንደሆነ ለማወቅ ምርመራ አያሻም። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጡት ጥቂት ናቸው፤ የቀሩት ፋይል ወደ ክላውድ የሚያመላልሰው፣ ቪፒኤኑ፣ ቴሌግራሙ፣ ኮፒ የተደረገውን ሁሉ የሚያከማቸው፣ እንዲሁም ኮምፒውተሩን እንቅልፍ እንዳይወስደው የሚጠብቀው ባለ ቡና ሲኒው ሥዕል፣ ሁሉም ሲጫኑ ሳይጠየቁ የተሰለፉ ናቸው። በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ሰው በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ አለበት፤ እሱም በሥራ ላይ ያለው ኪቦርድ የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ የሚያሳየው አይከን ነው። ይህ አይከን የተሰወረበት ጸሐፊ በየትኛው ኪቦርድ እየጻፈ እንደሆነ የሚያውቀው፣ ዓይኑን ከጣቶቹ አንሥቶ ስክሪኑን ባየ ጊዜ፣ አንድ አንቀጽ ሙሉ በላቲን ፊደል ተደርድሮ ሲያገኝ ነው።

መስመሩ ከሌላ ስፍራ ሁሉ ተመርጦ ለምን ላይኛው ጠርዝ ላይ እንደተሰቀለ ካልታወቀ ግን የጉዳቱ መጠን አይታወቅም፤ ለዚህም ወደ ፖል ፊትስ መመለስ ግድ ይላል። ፊትስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የአውሮፕላን አብራሪዎች በኮክፒት ውስጥ የሚሠሩትን ስሕተት ያጠና አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር። በ1954 ባሳተመው ጥናት ሰዎች በእጃቸው ዘንግ ይዘው ሁለት የብረት ሰሌዳዎችን በየተራ እየተመላለሱ እንዲነኩ አደረገ፤ ዘንጉ አንድ ጊዜ ቀላል፣ ሌላ ጊዜ ከባድ ነበር። ይህም አልበቃው ብሎ መካከላቸው ቀዳዳ የሆነ ዝርግ ክቦችን ከአንዱ ችካል አውጥተው በሌላው ላይ እንዲሰኩ፣ ቀጥሎም ትንንሽ ሹሎችን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እንዲያዛውሩ አደረጋቸው። ከዚህ ሁሉ ድካም የተገኘው ውጤት፣ አንድን ነገር ለመንካት የሚወስደው ጊዜ ነገሩ በራቀ ቁጥር ይረዝማል፣ በሰፋ ቁጥር ያጥራል የሚል ነው፤ ይህን ማንኛዋም ትንኝ ያባረረች እናት ሳትነግረው አትቀርም ነበር የሚል ቢኖርም፣ ፊትስ ነገሩን በቀመር ስላስቀመጠው ሕጉ በስሙ ተጠርቷል። በ1983 ለወጣው ሊሳ ለተባለው የአፕል ኮምፒውተር ቢል አትኪንሰን ወደ ታች የሚዘረጉትን ሜኑዎች ሲሠራ፣ በዓመቱም ማኪንቶሽ ሲወርሳቸው፣ የሕጉ ጥቅም ግልጽ ሆኖ ታየ። ከርሰር፣ ማለትም ማውዙ የሚነዳት ቀስት፣ የስክሪኑን ጠርዝ አልፋ መሄድ አትችልም፤ ስለዚህ በጠርዙ ላይ የተቀመጠ ነገር ምንም ቢቀጥን ወደ ላይ ማለቂያ የሌለው ቁመት እንዳለው ይቆጠራል፣ ተጠቃሚውም ሳያነጣጥር ወደ ላይ ቢገፋት ታገኘዋለች። የማኪንቶሽ ስክሪን 512 በ342 ፒክስል ብቻ ሆኖ ሳለ 20 ረድፍ ለሜኑ ባር የተሰጠው ያለ ነገር አይደለም። ሰዓት እንኳ ወደዚህ ስፍራ የገባው ስቲቭ ክሪስተንሰን በሠራው ሱፐርክሎክ በተባለ ፕሮግራም በእንግድነት ሲሆን፣ ቤተኛ የሆነው በ1994 ሲስተም 7.5 የተባለው የማኪንቶሽ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲወጣ ነው።

ዛሬ በዚሁ ስፍራ የሚሆነው እንዲህ ነው። አይከኖቹ ከቀኝ ተነሥተው ወደ ግራ ይበዛሉ፤ ተራው ኖቹ ዘንድ የደረሰበት አይከን አይታይም። ሜኑው የበዛ ፕሮግራም ሲከፈት ደግሞ ቃላቱ ኖቹን ተሻግረው ወደ ቀኝ ይመጡና ከተረፉት አይከኖች ላይ ሌሎችን ያነሣሉ። ከርሰር ራሷ ከኖቹ ጀርባ ገብታ በሌላው ወገን ትወጣለች። ይህ ሁሉ ይሁን፤ ቦታ ሲጠብ የሚወጣ መኖሩ አይቀርም። ይቅር የማይባለው ዝምታው ነው። ተደብቆ የቀረ ነገር መኖሩን የሚናገር ቀስት የለም፣ ሦስት ነጥብ የለም፣ ቁጥር የለም። ማይክሮሶፍት በ2001 ባወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ የተደበቁትን የምትገልጥ ትንሽ ቀስት ነበረች፤ ከ20 ዓመት በኋላ፣ ለዲዛይን እሞታለሁ በሚል ኩባንያ የተሠራ፣ ዋጋውም የብዙ ሰው የዓመት ደመወዝ የሆነ ማሽን ይህችን ቀስት ማሰብ አቃተው። የሚኒባስ ታክሲ ወያላ ከመጠን በላይ ጭኖም ቢሆን የተሳፈረውን ሰው አልተሳፈረም ብሎ አይክድም። አፕል ለፕሮግራም ሠሪዎች በጻፈው መመሪያ፣ አይከናችሁ ሁልጊዜ ይታያል ብላችሁ አትመኑ የሚል ምክር አለ፤ ሠሪው ተመክሯል ማለት ነው፣ ያልተመከረው ገዢው ብቻ ነው። ይህ ቸልታ ነው፤ የቀጠነ ክፈፍና ያማረ ፎቶግራፍ ቸልታን ጨዋነት አያደርጉትም።

መፍትሔ የለም ማለት ግን አይደለም፤ እንዲያውም በዝቷል። ኮማንድ የተባለውን ቁልፍ ተጭኖ አይከኖችን በመጎተት ቅደም ተከተላቸውን መለወጥ ይቻላል። ተርሚናል በሚባለው የጽሑፍ ትእዛዝ መስጫ በኩል በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ማጥበብም ይቻላል፤ ይህን ያደረገ ሰው ጥቂት ተጨማሪ አይከን ያገኛል፣ እነዚያንም በጥቂት ሳምንት ውስጥ በአዳዲስ ፕሮግራሞች ይሞላቸዋል። አይከኖችን ለማስተዳደር ብቻ የተሠሩ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ከእነዚህ አንጋፋው ባርቴንደር ሥራውን በሙሉ ለመሥራት ስክሪኑን የመቅረጽ ፈቃድ ይጠይቃል፣ እሱም በተራው የራሱን አይከን በሰልፉ ላይ ይጨምራል። በ2024 ይኸው ፕሮግራም ለሌላ ባለቤት መሸጡ ለተጠቃሚዎቹ አልተነገረም ነበር፤ የታወቀው ዲጂታል ፊርማው መለወጡ ከተደረሰበት በኋላ ነው። የተሰወረውን እንዲገልጥ የተቀጠረው ራሱ ተሰውሮ ተሸጠ ማለት ነው። በ2025 የወጣው የአፕል ኮምፒውተሮች ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማክኦኤስ ታሆ፣ የትኛው ፕሮግራም አይከኑን እንዲያሳይ መፍቀድና መከልከል የሚቻልበት ዝርዝር ይዞ መጥቷል፤ የእንግዶች ስም ዝርዝር ከበር ላይ መኖሩ ከምንም ይሻላል።

በዚህ ሁሉ መካከል በኖቹ ከመናደድ ይልቅ ያስጌጡትም አሉ። አይከንፋክተሪ የተባለው ድርጅት ኖቹ በወጣበት በ2021 ኖችማይስተር የሚባል ፕሮግራም ሠርቶ፣ ከኖቹ ላይ ባለ ብዙ ቀለም የበዓል መብራት እንዲንጠለጠል አድርጓል፤ ጥቅም የለውም፣ ነገር ግን ያየው ሰው ፈገግ ሳይል አያልፍም። ኖች የሌለው ሌላ ስክሪን በገመድ ያገናኘ ሰውም የጠፉትን አይከኖች ሁሉ በዚያ ላይ ተሰልፈው ያገኛቸዋል።

ቦታ ለማስለቀቅ አንዳንዱን አይከን ማንሣት ቢቻልም፣ ሰዓቱ ግን ከ2020ው ማክኦኤስ ቢግ ሰር ወዲህ ጨርሶ አይነሣም። የሚቻለው በቁጥር የሚነበበውን ትቶ ባለ ቆጣሪ ክብ ሰዓት ማድረግ ነው፤ ይህም ቦታ ይቆጥባል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰዓት ለሚያነብ ሰው ደግሞ ክቡ ሰዓት ሌላ ጥቅም ሳይኖረው አይቀርም፤ ሰባትና አንድ፣ ስምንትና ሁለት በክቡ ላይ ፊት ለፊት ስለሆኑ፣ ሰዓት ቆጣሪው ከሚያመለክትበት ትይዩ ያለውን ቁጥር ማየት ብቻ ይበቃዋል። ችግሩ የደቂቃው ቆጣሪ እንደ ወትሮው መነበብ ያለበት መሆኑ ነው፤ በዚያ ትንሽ ክብ ላይ አጭሩን ከረጅሙ መለየትም መነጽር ይፈልጋል። የባትሪው ፐርሰንት ቢጠፋ ጥቂት ቦታ በተገኘ ነበር፤ መብራት በሚሄድበት ሰፈር ግን እሱን ለማጥፋት የሚደፍር መኖሩ ያጠራጥራል፤ ምናልባት የቡና ሲኒው ቢወጣ ይሻል ይሆናል፣ ካልሆነም ቪፒኤኑ፣ እሱም ቢሆን ኢንተርኔቱ ደህና በሆነ ሳምንት።