የሙፋሳ ሞት በአቦል ሰዓት፦ በሚዛን ተፈሪ ሕፃናትን ፊልም ስለማሳየት የተደረገ ጥናት

መነሻ። ሕፃናትን ሰብስቦ ካርቱን ፊልም ማሳየት ብርቱ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ሆኖ ሳለ ምሁራዊ ትኩረት ተነፍጎት ኖሯል። ለናሙና የተወሰደው ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው «ዘ ላየን ኪንግ» ነው። የተመረጠበት ምክንያት ሳይንሳዊ ነው፤ ፍላሹ ላይ የተገኘው እሱ ብቻ ነበር።

የጥናቱ ቦታ። ሚዛን ተፈሪ፣ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ሳሎን። የቤቱ ልጆች ሶፋ ላይ፣ የጎረቤት ልጆች ምንጣፍ ላይ፣ የማን እንደሆኑ ያልታወቁት ደፍ ላይ ተቀምጠዋል። የደቡብ ምዕራብ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የፊልሙ ንግግር አልተሰማም። ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለነበር ጉዳት አልደረሰም። ስድስተኛ ክፍል የደረሰች እህት ትርጉሙን በገዛ ፈቃዷ ተረክባ፣ ገጸ ባሕርያቱ ዝም ያሉበትን ጭምር ተርጉማለች።

የጊዜ ልኬት። ፊልሙ 88 ደቂቃ ነው ቢባልም በአካባቢው የሚሠራበት መለኪያ ስኒ ነው። ቡናው ሲቆላ የአንበሳ ደቦሉ ሲምባ ይወለዳል። በአቦል አባቱ ሙፋሳ ከገደል ይወረወራል። በዚህ ጊዜ ያለቀሱት ልጆቹ ሳይሆኑ ቡና የሚያፈሉት እናት ናቸው፤ ጀበናውም ገነፈለ። ልጆቹ ፈንዲሻውን የተከፋፈሉት በዚሁ የሐዘን ወቅት ነው።

ዋና ግኝት። የፊልሙ ሠሪዎች እንስሳቱንና መልክዓ ምድሩን ለማጥናት ኬንያ ድረስ፣ ሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ሄደዋል። በቆሎ ከዝንጀሮ የሚጠበቅበት ማማ ላይ ስለመውጣታቸው ግን ፊልሙ ምንም ምልክት አያሳይም። ዝንጀሮ መሳዩን ራፊኪን መካሪ ሽማግሌ አድርገው አቅርበውታል። ከገጠር ቀበሌ የመጡት ተመልካቾች ገና ሲያዩት ወንጭፍ ፈልገዋል። የባሰው የመጣው በቶና ነው፤ ፑምባ የተባለ ከርከሮ ብቅ አለ። በቆሎና ጎደሬ የሚጠብቅ ልጅ አንበሳን የሚወደው ከርከሮ ይበላልኛል ብሎ ነው። ሲምባ ግን ከከርከሮው ጋር ተወዳጅቶ ትል መብላት ጀመረ። ደፍ ላይ ከተቀመጡት አንዱ «ይሄ አንበሳ ታሟል» የሚል ምርመራ አቀረበ፤ ተቃዋሚ አልተገኘም።

ፍጻሜ። በረካ ሲቀዳ መብራት ሄደ። ስለዚህ በናሙናው ውስጥ ሲምባ መንገሡን የሚያውቅ የለም። በጨለማ በተካሄደው ውይይት ሲምባ ተሽሎት ከርከሮውን እንደበላ፣ ራፊኪም ወደ ጫካ እንደተባረረ በአንድ ድምፅ ተወስኗል። መብራት ቢመጣ ዲዝኒ ያዘጋጀው ፍጻሜ ተቀባይነት ማግኘቱ አጠራጣሪ ነው።

ምክረ ሐሳብ። ኩባንያው ሌላ የእንስሳት ፊልም ከማሰቡ በፊት ሠዓሊዎቹን ለአንድ የእሸት ወቅት ማማ ላይ ያስቀምጥ። ወንጭፍ ከአካባቢው ይሟላል።