ምጣድና ማሽን በአንድ መስመር

እኔ ማሽን አልጠላም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ልጆቼ «አባባ ዘመናዊ ነገር አይወዱም» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ስለሚያሙኝ ነው። የማሽን ቡና የጠጣሁት እነሱ ሳይወለዱ፣ ፒያሳ ቶሞካ ቆሜ ነው። ቶሞካ እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተ ቤት ነው፤ ቆመህ ትጠጣለህ፣ ከፍለህ ትወጣለህ። ማሽኑ የቤቱ፣ ስኒው የቤቱ፣ እጥበቱም የቤቱ። ከእኔ የሚፈለገው ሒሳቡ ብቻ ነበር። አሁን ግን ማሽኑ ተከትሎኝ ሰፈሬ ዓለም ባንክ ድረስ መጥቶ ወጥ ቤቴ ገባ። መግባቱ ሳያንስ ይኸው ደግሞ «አነሰ፣ ይቀየር» ተብሏል።

ያሁኑን የገዛችው የመጨረሻዋ ልጄ ናት፤ በመጀመሪያ ደመወዟ ነውና ይባረክላት። ፊቱ ላይ «15 ባር» የሚል ተለጥፎበታል። ያን ጊዜ «አባባ፣ 15 ባር እኮ ነው!» እያለች ስታስጎበኘኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ያችው ልጅ መጥታ «አባባ፣ ለቡና የሚያስፈልገው 9 ባር ነው፤ ይኼ አይረባም» አለችኝ። «ታዲያ 6ቱን ቀንሺና ጠጪዋ!» ብላት አልሳቀችም።

ነገሩ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ሽቦ ስስብና ሞተር ስጠቀልል ነው። 15 ባር ማለት መውጫው ቢደፈን ፓምፑ እስከዚያ ይገፋል ማለት ነው እንጂ ቡናው ላይ ያን ያህል ያርፋል ማለት አይደለም። ርካሾቹ ማሽኖች ደግሞ ተንኮል አላቸው። ማጣሪያቸው ድርብ ወለል ነው፤ ቡናው በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ እየተተፋ ሲወጣ አረፋ ይሠራል። ላዩን ሲያዩት የፒያሳ ነው። ሲቀምሱት ግን ያው የታጠበ ስኒ ውኃ።

ጣሊያኖቹ ለዚህ አረፋ ስንት ዘመን ደክመዋል! ሉዊጂ ቤዜራ የሚባለው የሚላኖ ሰው እ.ኤ.አ. በ1901 ያስመዘገበው ማሽን በእንፋሎት የሚገፋ ነበር፤ ጉልበቱ ከ2 ባር አይዘልም፣ ቡናውንም ያሳርረዋል። አኪሌ ጋጂያ በ1938 እንፋሎቱን የሚያስቀር ብልሃት አስመዘገበ፤ ከጦርነቱ በኋላ በ1948 በእጅ እየተሳበ የሚሠራውን ማሽን ገበያ አወጣ። ወፍራሙ አረፋ የታየው ያኔ ነው። ፋኤማ የተባለው ድርጅት ደግሞ በ1961 ኢ61 በሚባለው ማሽኑ የሰው ክንድ ይሠራ የነበረውን ሥራ ለኤሌክትሪክ ፓምፕ ሰጠው። ጣሊያን አምራች ሆኖ ከእንፋሎቱ ወደ ፓምፑ ለመሻገር 60 ዓመት ፈጀ። የእኔ ልጆች ጠጪ ብቻ ሆነው ዓመት መታገስ አቃታቸው።

ወደ ወጥ ቤቴ ልመለስ። ካቢኔቱን ያሠራሁት እናታቸው የሊጥ ባልዲዋን የምታሳርፍበት፣ ሽንኩርት የምትከትፍበት ብዬ ነው። ዛሬ ባልዲው መሬት ወርዷል። ትንሹ ማሽን ይህን ካደረገ ትልቁ ምን ሊያደርግ ነው? ደግሞ ቦታው ብቻ መሰላችሁ? የኤሌክትሪክ ምጣዳችን 3,500 ዋት ይስባል። የሚያምራቸው ማሽን 1,500 ዋት ይስባል እንበል። ሁለቱ ሲደመሩ 5,000፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 23 አምፔር። የወጥ ቤቱ መስመር ብሬከር 20 ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ጠዋት አንዱ ተነስቶ «ቡና ላፍላ» ባለ ቁጥር ብሬከሩ ይወርዳል፣ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ምጣዱ ላይ ይቀራል፣ የእናታቸው ድምፅ አየር ጤና ድረስ ይሰማል። መብራቱ ራሱ ካለ ነው ደግሞ።

ምርጫው ሦስት ነው አሉኝ። አንደኛው የጋጂያው ክላሲክ ነው፤ አንድ ቦይለር፣ የማጣሪያው ስፋት 58 ሚሊ ሜትር፣ የካፌዎቹን ያህል። ይኼ እንኳ ሲፈታም ሲገጠምም የሚገባ ነገር ነው። ሁለተኛው የብሬቪል ነው፤ ወፍጮው ከነማሽኑ አንድ ላይ። እኔ ሁለት ሥራ በአንድ ሣጥን ያጨቀ ዕቃ አልወድም፤ ወፍጮው ሲታመም ማሽኑም አብሮ ሆስፒታል ይገባል። ሦስተኛውን የነገረኝ ወንዱ ልጄ ነው፤ ላ ማርዞኮ ይባላል፣ ከፍሎረንስ፣ ሁለት ቦይለር ያለው። ዋጋው ስንት ነው ብለው ከ5 ሺህ ዶላር በላይ አለኝ፤ አንገቱን ሳያቀረቅር። ዶላር ሐምሌ 2016 ላይ ገበያው እስኪለቀቅ ድረስ በባንክ 57 ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ100 ብር በላይ ነው። ይባዛ እንግዲህ። እኔ አላባዛም፣ ደም ግፊት አለብኝ።

ለመሆኑ ሁለት ቦይለር ለምን? አንዱ ቡናውን፣ ሌላው የወተቱን እንፋሎት ይሠራል፤ አንድ ቦይለር ያለው ማሽን ላይ ቡናው ከወረደ በኋላ እንፋሎቱ እስኪደርስ መጠበቅ አለ። ጥሩ። አሁን ደግሞ የእኛን ቤት ቀን መቁጠሪያ እናውጣ። ረቡዕና ዓርብ ጾም። ሁዳዴ 55 ቀን። የነቢያት ጾም አለ፣ ፍልሰታ አለ። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ወተት በማይገባበት ቤት ሁለተኛው ቦይለር ምን ሊሠራ ነው? ለጾመኛ ቤት የወተት ቦይለር በዶላር ይገዛል? ይህን ስላቸው «የአኩሪ አተር ወተት አለ» አሉኝ። አልመለስኩላቸውም።

አሜሪካ ያለው ታላቃቸው በዚህ መሐል ደወለ። «አባባ፣ አይጨነቁ፣ ከዚህ እልካለሁ።» ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፤ ግን የአሜሪካ ማሽን 120 ቮልት ነው፣ የእኛ ግድግዳ 220። በቀጥታ ከተሰካ ማሞቂያው ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፤ ቡናው ሳይሆን ቤቱ ይቆላል። ትራንስፎርመር ይገዛ ከተባለም 1,600 ዋት ለሚስብ ማሽን ከ2,000 ዋት በላይ የሚችል ያስፈልጋል። ያ ደግሞ መዳብና ብረት ነው፤ ከማሽኑ ጎን ቦታ ይዞ ቀን ከሌት ያጉረመርማል። በዚህ ቤት የሚያጉረመርም አንድ ይበቃል።

አንድ ጎረቤቴ ደግሞ «መርካቶ ወርደህ የዘጋ ካፌ ማሽን አትገዛም?» ብሎ መከረኝ። ባለ ሁለት እጀታ፣ በባለ ሦስት ፌዝ የሚሠራ፣ አንስተው ለማስቀመጥ አራት ጎረምሳ የሚጠይቅ። ምክርማ ነፃ ነው።

ለገንዘቡ ዕቁብ እንጥላለን አሉኝ። እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን በዓለም ባንክ ብድር ከተሠሩት ቤቶች ነው። ወያላው ከጠዋት እስከ ማታ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያለ የአበዳሪውን ስም ሲጠራ እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ለቡና ማሽን የዕቁብ ዕዳ ቢገባ ምን ይገርማል?

ሌላው ጣጣ ሙቀቱ ነው። «አዲሱ ማሽን ውኃውን 93 ዲግሪ ላይ ያቆምልናል» ይሉኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ቦይለር ውስጥ ግፊት ስላለ 93 ማድረስ ይቻላል፤ ክፉኛ አልከራከርም። ግን ስኒ ለማሞቅ ብለው ያለ ቡና ሲለቁት ውኃው ገና አፉ ላይ እየተንፈቀፈቀ ጥቂቱ በእንፋሎት ይወጣል። ሮቶው በፈረቃ በሚሞላበት ሰፈር ውኃ ለስኒ ማሞቂያ ሲፈስ ማየት በእኔ ዕድሜ የሚቻል አይደለም።

ከሁሉ የገረማት ግን እናታቸው ናት። ልጅቷ ለማሽኑ የሚሆነው ቡና ከተቆላ በኋላ ሳምንት ገደማ ማረፍ እንዳለበት ነገረቻት። ትኩስ የተቆላ ቡና ውስጡ የታመቀ ጋዝ ስላለው በማሽን ሲወርድ ይፈነዳል፣ ይፈጥናል፣ አረፋው ይንኮታኮታል፤ ነገሩ እውነት ነው። እናታቸው ግን ዕድሜዋን ሙሉ ቆልታ፣ ጢሱን ለቤተሰቡ አዙራ አሽትታ፣ በዚያው ሰዓት ወቅጣ የምታፈላ ሴት ናት። ምጣዱን እንደያዘች ዞር ብላ «ሳምንት ሙሉ የሚያርፈው ምን ሠርቶ ደክሞት ነው?» አለች። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚያርፍ ቡና ታስሮ መደርደሪያ ላይ ሲታይ የምትስቀው እሷ ናት።

ደግሞ የእሁዱን ጠዋት አስቡት። ጎረቤት ይመጣል፤ አምስት ስድስት ሰው። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ሁለት ስኒ ያወጣል። ይመዘናል፣ 18 ግራም። ይጠቀጠቃል። ይቆጠራል፣ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ። ይመዘናል እንደገና፣ 36 ግራም ወጣ ወይስ አልወጣም? አልወጣም! ይደፋል! ያን ሁሉ ሲያዩ የመጡት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ፈተና ጣቢያ የገቡ ይመስል ዝም ይላሉ። የመጀመሪያዋ ጠጥታ ጨርሳ ስኒዋን ስታስቀምጥ የመጨረሻዋ ገና ተራ ላይ ናት። እናታቸው በዚያ ሰዓት አቦሉን ቀድታ ቶናውን ጥዳለች። ጀበናዋ ግራም አታውቅም፤ ማንም ግን ሳይደርሰው ቀርቶ አያውቅም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋና ገብታ ይባላል። የቡና አገር ልጆች የጣሊያንን ሚዛን ተውሰው ቡና ይደፋሉ።

ታዲያ ምን ይሁን ትሉኝ ይሆናል። ዝም ብዬ አልማረርኩም፤ ትንሹን ማሽን ፈትቼ አይቼዋለሁ። ፓምፑ ደህና ነው፣ ማሞቂያው ደህና ነው። ቡናውን የሚገድለው ወፍጮው ነው። የያዙት የቅመም መፍጫ ስለት ያለው ነው፤ ግማሹን ዱቄት፣ ግማሹን ጠጠር ያደርገዋል። በዱቄቱ በኩል ውኃው ይታነቃል፣ በጠጠሩ በኩል ይሾልካል። ላ ማርዞኮም ቢመጣ፣ ፋኤማም ቢመጣ በዚህ ቡና ምንም አይሠራም። ባለ ጥርስ ወፍጮ፣ ልመቱን በትንሽ በትንሹ ማስተካከል የሚቻል፣ ያስፈልጋል። ከዚያ ድርብ ወለሉን ማጣሪያ አውጥቶ ለማሽኑ ልክ የሚሆን ነጠላውን መግጠም። ለዚህ ዕቁብ አያስፈልግም፤ ካቢኔቱ ላይም ከአንድ ጀበና የበለጠ ቦታ አይወስድም።

ስለዚህ የቤቱ ውሳኔ ይኼ ነው። ወፍጮ ይገዛል፣ ማሽን አይቀየርም። እንጀራ በሚጋገርበት ጠዋት ማሽን አይሰካም። የሊጡ ባልዲ ወደ ካቢኔቱ ይመለሳል። ውጭ አገር ያላችሁ ልጆችም እባካችሁ፣ ለወላጅ ዕቃ ከመላካችሁ በፊት ከጀርባው የተለጠፈውን አንብቡ፤ 220 የሚል ከሌለው እዚያው ጠጡበት።