ሬሳው በበረዶ፣ ኬኩ በምድጃ

በሚኒሶታዋ ሌክ ኤደን የሚኖር ሰው ዕድሜውን የሚያሳጥረው ብርዱ አይደለም፤ ድግሱ ነው። ከተማዋን ካርታ ላይ አትፈልጓት፤ የደራሲዋ የጆአን ፍሉክ ፈጠራ ናት። እዚያ ኩኪስ ጋግራ የምትተዳደረው ሃና ስዌንሰን በየመጽሐፉ ሬሳ ታገኛለች። እኛ ሰፈር ብትሆን ይቺን ሴት ሠርግ የሚጠራት አይገኝም፤ ጎረቤት ተማክሮ ጠበል ይወስዳት ነበር። ሌክ ኤደን ግን ለሚቀጥለው ግብዣም ኩኪስ ያዛታል።

በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመው «ሹገር ኩኪ መርደር» ከተሜው ሁሉ የየቤቱን ወጥና ጣፋጭ ተሸክሞ ለገና ተሰብስቧል። ውጭ የበረዶ ማዕበል መንገዱን ዘግቷል። አንዲት ተጋባዥ ትገደላለች፤ መሣሪያው የሃና እናት ጥንታዊ የኬክ ቢላ። ገዳዩ ከቡፌው ፊት ሳህን ይዞ ተሰልፎ ሊሆን ይችላል።

በረዶ ለደራሲ ደመወዝ የማይጠይቅ ዘበኛ ነው፤ ማንንም አያስወጣም፣ ማንንም አያስገባም። አጋታ ክሪስቲም በ1934 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ልብ ወለድ ባቡር ሙሉ ተጠርጣሪ በረዶ ውስጥ አቁማለች። ክሪስቲ ግን ለአንባቢዋ የኬክ አሠራር አላወረሰችም። ፍሉክ ከመጽሐፏ ሰፊውን ክፍል ለምግብ አሠራር ሰጥታዋለች። ስንት ደም እንደፈሰሰ አይነገረንም፤ ቅቤው ግን በኩባያ ተለክቷል። ፍርድ ቤት ቢቀርቡ፣ ምስክሮቹ ስለ ገዳዩ ቁመት ተጠይቀው ስለ ድንች ሰላጣው ጨው ይመሰክራሉ።