ቀበና ባሕር ዳርቻ

የሐበሻ ቀጠሮን የሚያማ ሰው ላንጋኖን እንጂ ቀበናን አላየም። እኔም ድሮ ከሐሜተኞቹ አንዱ ነበርኩ። ባለፈው ሐምሌ ግን ስምንት ጓደኛሞች ላንጋኖ ደርሶ መልስ ለመሄድ ተቃጥረን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቀበና ድልድይ ላይ ከተገተርኩ ወዲህ ዓይኔ ተገልጧል።

ሰባታችን መጣን። ኮንትራት የያዝናት መኪናም መጣች። ስምንተኛው 12 ከሩብ ላይ «ጫማ እያሰርኩ ነው» አለን። 1 ሰዓት ላይ «ወጥቻለሁ»፣ 2 ሰዓት ላይ «ደረስኩ በሉኝ»። ከ3 ሰዓት በኋላ ስልክ ማንሳት አቆመ። መኪና እየነዱ ስልክ ማንሳት ነውር መሆኑን ስለሚያውቅ ይሆናል፤ መኪና ባይኖረውም።

እሱ በሰዓቱ ቢመጣ ኖሮ ቀበና ወንዝን መቼ እናየው ነበር? ዕድሜ ልካችንን በታክሲ ስንሻገረው ኖረን አንድ ቀን ቁልቁል አላየነውም። በሐምሌ ከእንጦጦ የወረደውን አፈር ተሸክሞ ቡናማ ሆኖ ይጋልባል። የላንጋኖ ውሃም ቡናማ ነው። ታዲያ ለአንድ ቀለም 200 ኪሎ ሜትር መንዳት ምን ይሉታል? ለሐይቁ ፀሐይ የተገዛው ጃንጥላ ለቀበና ዝናብ ተዘረጋ። ለምሳ የተቋጠረው ዳቦ ቁርስ ሆነ። ቁምጣና ነጠላ ጫማ አድርጎ የመጣው ጓደኛችን፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናት ጉልበቱን አይተው «ምን አገኘህ ልጄ?» ብለው አዘኑለት። ከበቆሎ ጠባሿ ጋርም ዱቤ እስክንጀምር ድረስ ተወዳጀን።

ትልቁ ጥቅም ግን የጂኦግራፊ ትምህርቱ ነው። ሥራ ፈት ሰው ውሃ ሲያይ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ማሰቡ አይቀርም። ቀበና ወርዶ አቃቂን ይቀላቀላል። አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፤ ከዚያ አዋሽ ይሆናል፤ አዋሽም ቆቃ ሐይቅ ላይ ይተኛል። እኛ ደግሞ ወደ ላንጋኖ ስንሄድ በሞጆ አድርገን በቆቃ ነው የምናልፈው። ስለዚህ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ መርጠን (ወንዙ ምርጫ አያሳጣም) ውድድር አስጀመርን፤ ጠርሙሱ ቆቃ ይቀድማል ወይስ ጓደኛችን ቀበና? 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሁላችንም በጠርሙሱ ተወራረድን። 3 ሰዓት ላይ ሹፌሩም ገባበት። 4 ሰዓት ላይ ጠርሙሱ በሐሳባችን አቃቂን አልፎ፣ አባ ሳሙኤል ላይ ትንሽ አርፎ፣ ቡና ጠጥቶ ተነስቷል። አንዱማ ስልክ እንደውልለት አለ፤ ቢያንስ ሳይዋሽ የት እንደደረሰ ይነግረናል ብሎ።

መዘግየት ለአገርም ይጠቅማል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ ባሕር የለንም ብለን ስንቆዝም ኖረናል። በ2010 ባሕር ኃይል መልሰን እንደምናቋቁም ሲነገርም፣ ባሕሩስ የት አለ ብለን ጠየቅን። እነሆ ቀበና! ሰው ከተቀጠረበት ሰዓት አራት ሰዓት ተኩል ከዘገየ፣ የቆሙበት ቦታ ሁሉ ባሕር ዳርቻ ይሆናል፤ አሸዋው ቢጎድል በየግንባታው ሰፈር ተከምሮ አለ። የቀበና ውሃ እርግጥ ባሕር አይደርስም። አዋሽ ራሱ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ይህም ቢሆን ከጓደኛችን «ደረስኩ» ይሻላል፤ ውሃው ቢያንስ ተነስቷል።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ሰባት ሰው አራት ሰዓት ተኩል ሲቆም 31 ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ቀን ሙሉ ከነሌሊቱ፣ ተርፎም ሰባት ሰዓት ተኩል። ይህን ያህል የሰው ዕድሜ በልቶ «ትንሽ ዘገየሁ አይደል?» ማለት ንቀት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ባህላችን ነው እያላችሁ በአያቶቻችን አታሳብቡ። አያቶቻችን ዶሮ ሲጮኽ ይነሱ ነበር።

4 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ፊቱን ታጥቧል፣ ሽቶ ይሸታል። አኩርፈን ሲያየን «ምነው? ለመዝናናት አይደል እንዴ የወጣነው!» አለ። ከፊት ወንበር ተቀመጠ፤ እግሩ ረጅም ነው።

ላንጋኖ 10 ሰዓት ላይ ደረስን። ሹፌሩ ሌሊት አልነዳም ስላለ፣ 11 ሰዓት ላይ መነሳት ነበረብን። በቀበና አራት ሰዓት ተኩል፣ በላንጋኖ አንድ ሰዓት፤ እንግዲህ የትኛው ነው መዝናኛው? ውሃው፣ ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ የሚመሰገነው ያ ውሃ፣ ለብ ብሎ ደስ ይላል። ቀድሞ የገባው እሱ ነው። 11 ሰዓት ላይ ሹፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ሰባታችን ለባብሰን መኪና ውስጥ ነበርን። እሱ ከሐይቁ መሐል እጁን አውጥቶ «መጣሁ፣ አምስት ደቂቃ!» አለ። ቆቃን በጨለማ አለፍነው፤ ጠርሙሱን ማየት አልቻልንም።

ለመስከረም ሌላ ጉዞ ታስቧል። መዋጮውን የምሰበስበው እኔ ነኝ። ቀጠሮው ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ቀበና ድልድይ። መኪናዋ 12 ከ10 ላይ ትነሳለች። የቀረ ሰው ገንዘቡ አይመለስም፤ በቆሎ ጠባሿ ግን እዚያው ናት።